የራስ ቅሉ ወለል

ሟቹን በግንባታው ቦታ ያለ ሠራተኛ ሁሉ «ሄልሜት» እያለ ነበር የሚጠራው። የደህንነት ተቆጣጣሪ ስለነበር ከጠዋት እስከ ማታ በየፎቁ እየዞረ «ሄልሜትህስ? የት ጣልከው?» ሲል ይውላል። ራሱን ሲበላው እንኳ የሚያክከው ሄልሜቱን ነው እያሉ ይስቁበት ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ከምሳ ዕረፍት በኋላ በሕንፃው ጓሮ፣ ብሎኬት ወደ ላይ ከሚያወጣው ዊንች ክንድ ሥር፣ ያለ ሄልሜት፣ አናቱ በብሎኬት ተደርምሶ የተገኘው።

የአካባቢው ፖሊስ ነገሩን ለመቋጨት ብዙ አልደከመም። ብሎኬቱ ከዊንቹ ባልዲ ወደቀ። ዊንቹን የሚያንቀሳቅሰው የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። በዋዜማው ሁለቱ በሄልሜት ጉዳይ ሲጨቃጨቁ፣ ዊንች ነጂው «ያንተንም አናት አንድ ቀን ብሎኬት ይፍለጠውና እንገላገል» ሲል ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ወዲያው ካቴና ገባለት።

በማግስቱ ጠዋት የሟቹ ሚስት ዋናው ምርመራ ክፍል ድረስ ሄደች። የተቀበለቻት መርማሪ ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ የሚል ሴት ናት። ባልደረቦቿ ስትጮህ አይደነግጡም፤ ማንሾካሾክ ስትጀምር ነው ወንበራቸውን የሚያርቁት።

«ወንድሜን ፍቱልኝ ልል አልመጣሁም» አለች ሴትየዋ ገና ሳትቀመጥ። «ገድሎት ከሆነ እዚያው ይበስብስ። ግን ባሌ ሄልሜቱን አውልቆ ዊንች ሥር አይቆምም።»

«ለአንድ አፍታ አውልቆት ቢሆንስ?»

«የአገጭ ማሰሪያውን የምሰፋለት እኔ ነኝ። ጠዋት ከቤት ሲወጣ አስሮት ነው የሚወጣው። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ይስቅበታል፣ ደንታም የለው። ማታ ቤት ገብቶ ልጁን ካልሳመ አይፈታውም። ታዲያ ዊንች ሥር ሲደርስ ፈታው? እኔን ነው የሚያሞኙት ወይስ እናንተን?»

መርማሪዋ የሐኪሙን ማስረጃ አውጥታ አነበበችው። ያለው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ በጭንቅላት ላይ በደረሰ ምት ሞቷል ይላል። ደግማ አነበበችውና ደሟ ፈላ። ለአንድ ሰው ሞት አንድ መስመር።

«እህቴ፣ ቤትሽ ሂጂ» አለቻት በዝግታ። «ዛሬ ማንም አይቀበርም።»

አስከሬኑን እንደገና ያዩት አንጋፋው ሐኪም ነበሩ። መርማሪዋ ስትደርስ ጓንታቸውን አውልቀው፣ ለተማሪ ማስተማሪያ የሚሆን የፕላስቲክ ራስ ቅል ይዘው ጠበቋት። ፊታቸው ተኮማትሯል።

«ማነው ይህን ሰው አየሁት ብሎ የፈረመው?» አሉ። «ጫማውን እንኳ አላወለቀለትም።»

«የገደለው ጫማው ነው እንዴ ዶክተር?»

«ቀስ ብለሽ ስሚኝ። ራስ ቅል አንድ አጥንት እንዳይመስልሽ። ጣሪያና ወለል ያለው ቤት ነው። ይኸውልሽ ጣሪያው፤ ከፊት የግንባሩ አጥንት፣ ከላይ ግራና ቀኝ ሁለቱ የአናት አጥንቶች፣ ከኋላ የማጅራቱ። ስፌት እንደያዘው ጨርቅ እርስ በርስ ተያይዘዋል። የሰውየው ጣሪያ ተደርምሷል፤ ይህንን ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ያላዩት ግን ስብራቱ ዙሪያ ደም አለመኖሩን ነው። ልቡ የሚመታ ሰው ሲፈነከት ቁስሉ ደም ይቋጥራል። ይህ አናት ሲሰበር ሰውየው ሞቷል።»

መርማሪዋ «ሬሳ ነው የደበደቡት ማለት ነው» አለች።

«አሁን ወለሉን እዪ።» ቅሉን ገለበጡት። ከሥሩ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይታያል። «ይህ የማጅራቱ አጥንት የታችኛው ክፍል ነው። ከጀርባችን የሚወጣው ነርቭ ወደ አንጎል የሚገባው በዚህ በር ነው። ራሳችን በአከርካሪያችን ላይ የተቀመጠውም በዚሁ በር ግራና ቀኝ ነው። የሟቹ ራስ ቅል እዚህ በሩ ዙሪያ እንደ ቀለበት ተሰብሯል። እዚህ ደግሞ ደሙ ሞልቷል። የገደለው ይሄኛው ነው።»

«ምን ቢመታው ነው እንዲህ የሚሰበረው?»

«የመታው ነገር ከላይ አልመጣም። ሰው ከከፍታ ወድቆ በእግሩ ሲያርፍ አከርካሪው እንደ ምሰሶ ወደ ላይ ይገፋና የራስ ቅሉን ወለል ይወጋዋል። ጫማውን ሳወልቅ ሁለቱም ተረከዞቹ ደቀዋል። ያ ወፍራም ሴፍቲ ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተጠፍሮ ስለታሰረ ነው እግሩ ደህና የመሰለው።» ሐኪሙ ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ጣቶቹንም እያቸው። ጥፍሮቹ ተገንጥለዋል፣ ጫፋቸው ተልጧል። የተላጠው ሥጋ ውስጥ የሲሚንቶ ዱቄት አለ።»

መርማሪዋ ጫማዎቹን አንስታ ገለበጠቻቸው። የሶላቸው ጎድጓዳ ሁሉ በጥቁር ጭቃና በእንጨት ብናኝ ተሞልቷል፤ ውስጣቸውም ገና ርጥብ ነው። ሬሳው የተገኘበት ጓሮ ግን ደረቅ ነጭ አሸዋ እንደነበር ፖሊሶቹ ባነሱት ፎቶ አይታለች።

ሰው ከከፍታ የሚወድቅበት፣ ሥሩም ጭቃ የሆነ ቦታ ፍለጋ በቀጥታ ወደ ግንባታው ቦታ ሄደች። በሩ ላይ የተቀበላት መሐንዲሱ ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው አቧራ ያልነካው ሰው ነው። ሲያናግራትም ዓይኑ ከስልኩ ላይ አይነሳም።

«ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር» አላት። «ነገ ጎብኚዎች ይመጣሉ። ሥራ መጀመር አለብን።»

«የሞተው ሰው ግን አልተቀበረም።»

«አዝናለሁ። በእውነት። ግን እዚህ ከመቶ በላይ ሰው ነው ቆሞ የሚውለው።»

«የአሳንሰሩ ጉድጓድ የት ነው?»

መሐንዲሱ ፊቱን ቋጠረ። «ምን ያደርግልዎታል? እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሥሩ ውኃ አቁሯል። ለጎብኚ አይታይም፣ ይቀዳልኝ ብዬ ከትናንት ጀምሮ እወተውታለሁ፤ ፎርማኑ ፓምፑ ተበላሽቷል ይለኛል። ዕቃ ሁሉ እኔ ስፈልገው ነው የሚበላሸው።»

ፎርማኑ ሽበታም፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ነው። ሠራተኛው በሙሉ «ጋሼ» ይለዋል። ሄልሜትን ለዚህ ሥራ ያስቀጠረው እሱ ነው፤ ዊንች ነጂውንም እንደዚሁ። ስለ ሟቹ ሲጠየቅ እንባው ቀደመው፤ በሲሚንቶ በሻከረ እጁ ፊቱን ጠረገ።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት፣ ልጄ። ብሎኬቱ አጠገቡ፣ አናቱ እንዲያ ሆኖ። ዊንች ነጂውን ልጅ አደራ እንዳትጨክኑበት። ሆን ብሎ አላደረገውም።»

«እርስዎ በዕረፍት ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ ታች፣ ከሰው ጋር ነበርኩ።»

ይዟት ወደ ላይ ወጣ። ደረጃው ገና መደገፊያ የለውም። በየፎቁ የአሳንሰሩ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ መከለያ የለውም፤ የተነቀሉ ሚስማሮች ቀዳዳ ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። አምስተኛው ፎቅ ሲደርሱ ግን ጉድጓዱ ከወለሉ ጀምሮ በቢጫ ጣውላ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ሚስማሮቹ ያለ አንዲት የመዶሻ ስህተት ተመትተዋል።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔው ራሴ። ባለፈው ሳምንት።»

«የሌላውስ ፎቅ ለምን ተከፈተ?»

«ጣውላው ለአርማታ ተፈልጎ ነው። ይመለሳል።» ፎርማኑ ትከሻውን ሰበቀ። «ሥራ ነው፣ ልጄ።»

መርማሪዋ ሌላ አልጠየቀችም። ወርዳ መጋዘን ጠባቂዋ ዘንድ ገባች። ሠራተኛው «እትዬ» የሚላት ይህች ሴት ምላሷ የማያርፍ፣ ሐዘኗንም ንዴቷንም በአንድ ትንፋሽ የምትናገር ናት።

«እትዬ፣ አዲስ ጣውላ መቼ ነው የገባው?»

«እሱ በሞተበት ዕለት ጠዋት ነዋ። መኪናው ግቢ ውስጥ ዘርግፎት ሄደ። ከዚያ በፊትማ እዚህ ግቢ ጥርስ መጎርጎሪያ የሚሆን እንጨት አልነበረም። መሐንዲሱ ጣውላ ከየትም አምጣ ሲለው አይደል ጋሼ የጉድጓዱን መከለያ ከላይ እስከ ታች ያስነቀለው? ሄልሜት ያንን ካየ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም። ዛሬውኑ ካልመለሳችሁ ሥራውን አስቆማለሁ፣ ጋሼንም አልምርም ብሎ ምሎ ነበር። አይ፣ እሱስ ነገረኛ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው፤ ግን ለማን ብሎ ነው? ለኛው ብሎ።»

«በዕረፍት ሰዓት ጋሼ አብሯችሁ በላ?»

«የት በልቶ። ሳህኑን እንደከደንኩት ነው ያገኘሁት። እኔማ ሆዱን አሞት ይሆናል ብዬ።»

ዊንች ነጂው በታሰረበት ክፍል ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ አብጧል፤ ማን እንደመታው መርማሪዋ ብትጠይቀው በዓይኑ ወደ ኮሪደሩ አመለከታት።

«አንተ ነህ የገደልከው?»

«እንጃ።»

«እንጃ ምን ማለት ነው?»

«የተሞላውን ባልዲ አወጣሁ። ዕረፍት ሆነ። ሞተሩን አጥፍቼ እዚያው ጣራው ላይ ጋደም አልኩ። ብሎኬት ሲወድቅ አልሰማሁም። ግን ሁሉም ወድቋል ካለ ወድቋል ማለት ነው።»

«የሰማኸውን ንገረኝ፤ ያልሰማኸውን ተወው።»

ልጁ ቀና አለ። «መዶሻ ሰማሁ። ከሥሬ ሰው ሚስማር ሲመታ። በምሳ ሰዓት ማን ነው የሚሠራው ብዬ ገርሞኝ ነበር። ለፖሊሶቹ ነገርኳቸው። ስለ መዶሻ ማን ጠየቀህ አሉኝ።»

መርማሪዋ ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ሁለት ፖሊሶች ሰላምታ ቢሰጧት አለፈቻቸው። ከዚያ ተመለሰችና አጠገባቸው ቆመች። የተናገረችው በጣም በዝግታ ስለነበር ከእነሱ ሌላ የሰማው የለም፤ ሁለቱም ግን ወለል ወለሉን ማየት ጀመሩ።

ከሰዓት በኋላ ፓምፑን አስመጣች። ገመዱ እንደተሰካ ያለ አንዳች ማንገራገር ሠራ። ውኃው እየጎደለ ሲሄድ ከጉድጓዱ ሥር ጥቁር ጭቃ፣ የእንጨት ብናኝ፣ በመጨረሻም ድንጋይ ተሞልቶ የሰጠመ ሄልሜት ብቅ አለ። አናቱ ላይ ስንጥቅ የለበትም። የአገጭ ማሰሪያው በስለት ተቆርጧል፤ የተቆረጠው ጨርቅ ላይ በእጅ የተሰፋ ክር ይታያል።

ያኔ ሁሉም ወደ አምስተኛ ፎቅ እንዲወጡ አዘዘች። የሟቹ ሚስት መጣች፤ ወንድሟ ካቴናው እጁ ላይ እንዳለ መጣ። እትዬ ቁና ቁና እየተነፈሰች ወጣች። መሐንዲሱ ሰዓቱን እያየ ከሁሉም ኋላ ቆመ። ፎርማኑ ግድግዳውን ተጠግቷል። ሠራተኛው ደግሞ ደረጃውን ሞልቶታል።

«ይህ ሰው በብሎኬት አልሞተም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ብሎኬቱ አናቱ ላይ ሲያርፍ የሚፈስ ደም አልነበረውም። የተሰበረበት የራስ ቅሉ ወለል ነው፤ አከርካሪው የሚገናኝበት ቦታ። ተረከዞቹም ደቀዋል። ከከፍታ ወድቆ በእግሩ ነው ያረፈው። የወደቀው ጓሮ እንዳይደለ ሶሉ ላይ የተጣበቀው ጭቃ ይናገራል። እንዲህ ያለ ጭቃ እዚህ ግቢ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከዚህ ጣውላ ጀርባ፣ ታች።»

የሟቹ ሚስት የወንድሟን ካቴና አየች።

«ገዳዩ ወረደና ሬሳውን በእጅ ጋሪ አድርጎ ዊንቹ ሥር ወሰደው። ሄልሜት ያሰረ ሰው በብሎኬት ሞተ ቢባል ማንም አያምንም። ስለዚህ ማሰሪያውን ቆርጦ ሄልሜቱን ውኃው ውስጥ አሰጠመው። ከዚያ አናቱን ሰበረው። ዊንቹ ላይ ማን እንደሚሠራ፣ በዋዜማው ማን ከማን እንደተጣላ ያውቃል። አንድ ሰው ገድሎ ሌላውን ሊቀብር ነበር።»

«ይህ ከኔ ጋር ምን ያገናኘዋል?» አለ መሐንዲሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«እርስዎን ጠርጥሬዎት ነበር። ጉድጓዱ ይቀዳ ማለትዎን ስሰማ ግን ተውኩት። ሄልሜቱን ያሰጠመ ሰው ውኃውን ቅዱ አይልም። ፓምፑ ተበላሽቷል ነው የሚለው።» ወደ ፎርማኑ ዞረች። «ፓምፑ ደህና ነው።»

ፎርማኑ ወደ ደረጃው አየ፤ ደረጃው ግን በሰው ተሞልቷል።

«ይህን መከለያ ባለፈው ሳምንት መታሁት ብለኸኛል» አለች። እርስዎ ማለቷ ቀርቷል፤ ሁሉም ልብ አለው። «ጣውላው ግቢ የገባው ሰውየው የሞተ ዕለት ጠዋት ነው። ልጁም በዕረፍት ሰዓት መዶሻ ሰምቷል። ከሌላው ፎቅ ሁሉ ይህን ብቻ ለምን ዘጋኸው? ንቀሉት።»

አንድ ግንበኛ ወጥቶ ጣውላውን በብረት ፈነቀለው። የታችኛው ሲነሳ የአርማታው ጠርዝ ታየ። በጠርዙ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ የደረቀ ቡናማ ደም ያለባቸው የጣት ጭረቶች ነበሩ። ደረጃው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተገፋ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ገፋኸው» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋ አሁን ለመስማት ጆሮ የሚያስቀስር ሆኗል። «በንዴት ነው እንበል። አንድ አፍታ ነው፤ ንዴት ምን እንደሆነ እኔም አውቀዋለሁ። ግን ተገፍቶ ሳያስበው የወደቀ ሰው እንዲህ ቀጥ ብሎ በእግሩ አያርፍም። እንዲያ የሚያርፈው ተንጠልጥሎ የነበረ ሰው ነው። እነዚህ ጣቶች እዚህ ነበሩ። አንተስ የት ነበርክ?»

ፎርማኑ ጭረቶቹን እያየ ቆየ። ከዚያ ባለበት ቁጢጥ አለ።

«እዚሁ» አለ።

«እሱስ ምን አለህ?» ብላ የጠየቀችው የሟቹ ሚስት ናት።

«ተይው፣ ልጄ።»

«ምን አለህ አልኩ።»

«‹ጋሼ፣ እጅህን› አለኝ።»

«አንተስ?»

«ሥራውን ያስቆማል ብዬ አሰብኩ። እኔን ያባርሩኛል፣ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል ብዬ አሰብኩ።» ፎርማኑ እጆቹን ዘርግቶ አያቸው። «ሳስብ ለቀቀ።»

ከሠራተኞቹ አንዱ ምራቁን ተፋ። ሌላው ወደ ፎርማኑ ሊሄድ ሲል ጓደኞቹ ክንዱን ያዙት። እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ፖሊሶቹ ፎርማኑን ከተቀመጠበት ሲያነሱት አልታገላቸውም።

መሐንዲሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ስለዚህ ሁሉ ምንም አላውቅም። እንግዲህ ነገሩ ከተጣራ ሥራውን መቼ ብንቀጥል…»

መርማሪዋ አጠገቡ እስክትደርስ አልጨረሰውም።

«ጣውላ ከየትም አምጣ ብለሃል» አለችው። «ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቅህም። በየፎቁ የተከፈተውን ጉድጓድ እያየህ ነው የወጣኸው የወረድከው። እሱ አስቆማለሁ ሲል ጆሮ የሰጠው የለም፤ አንተም ሰምተህ ዝም ብለሃል። ስልክህን ኪስህ ክተትና ከፊቴ ውረድ። ቃልህን የምትሰጠው እኛ ዘንድ ነው። የዚህ ሕንፃ እያንዳንዱ መከለያ ሳይመለስ አንዲት አካፋ አታነሳም።»

መሐንዲሱ ለመከራከር ሠራተኞቹን አየ። ዓይኑን የሚቀበለው ሲያጣ ወረደ።

የዊንች ነጂው ካቴና እዚያው ተፈታ። የእጁን አንጓ እያሻሸ ቆመ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ሰዉ እየወረደ፣ ደረጃው እየሳሳ ሄዶ፣ በመጨረሻ ወንድምና እህት ብቻ ቀሩ። እሷ እጅጌውን ይዛ ከጉድጓዱ አፍ አራቀችው። ሁለቱ አንድ ፎቅ ያህል ወረዱ።

«እውነቱን ንገሪኝ» አላት። «እኔ ነኝ ብለሽ አምነሽ ነበር?»

ልትዋሽለት ፈለገች፤ አልሆነላትም።

«አምኜ ነበር» አለችው።

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። «እኔም አምኜ ነበር» አለ።

እጅጌውን ሳትለቅ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው መውረዳቸውን ቀጠሉ።